በሞቴ የማይባልበት ቤት

ባለፈው ዓመት ለዘመድ ለቅሶ እንጅባራ ወርጄ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ሴት ድንች በከሰል ትጠብሳለች። ልጣጩ ሲያር የሚወጣው ሽታ አፍንጫዬን ቢመታኝ እግሬ አልራመድ አለኝ። ገዛሁና እዚያው ቆሜ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በአደባባይ በላሁ። አብራኝ የነበረችው የልጅ ልጄ አፍራ ፊቷን አዞረች። ትፈር። ይህን ሽታ አንድ በጋ ሙሉ ምራቄን እየዋጥኩ እምቢ ብዬው እንደኖርኩ እሷ በምን ታውቃለች?

እናትና አባቴ የተፋቱበት ዓመት ነው። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ናቸው፤ እንጅባራንም ያኔ ኮሶበር ነበር የምንላት። እኔ የፊት ጥርሶቼ ወላልቀው ስናገር አፌ የሚያፏጭብኝ ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከዘንገና ሐይቅ ብዙም አይርቅም። አባቴ ወርቁ አገው ነው፤ ገብስና ድንች ያርሳል፣ ፈረሱን ከሰው አስበልጦ ይወዳል እየተባለም ይታማል። እናቴ ባንቺአምላክ ደግሞ በአማርኛ ያደገች የጥሊሊ ሴት ናት። ለምን እንደተፋቱ ዛሬም በቅጡ አላውቅም። ስጠይቃቸው ሁለቱም "ሆድ ይፍጀው" እንዳሉኝ አለፉ። እኔ ደህና አድርጌ የማስታውሰው የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ደሳለኝ፣ በቅሎ ይዞ እሷን ሊወስድ የመጣ ዕለት ነው።

እናቴ ዕቃዋን እስክትሸክፍ አጎቴ መደብ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። እኔ ፊት ለፊቱ ገንፎ እበላለሁ። ጠርዙን በጣቴ እየናድኩ ቅቤው ላይ ሳጠቅስ አየኝና ሳቀ።

"ባንቺ፣ እንዲህ የምትበላ ልጅ ይዘሽማ እኔ ቤት አትገቢም" አላት።

እናቴ አልሳቀችም። ወደ ውጭ ወጥተው ብዙ ተነጋገሩ። ቁም ነገሩን የነገራት እዚያ ነው፤ "አንቺ እህቴ ነሽ፣ ቤቴ ቤትሽ ነው። ልጅቷ ግን በቂ ቀለብ ከአባቷ ይዛ ትምጣ፣ ያለዚያ እዚሁ ትቅር" ነው ያላት። ይህን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ቀን የሰማሁት መደቡ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ብዙ የምትበላ ልጅ ከእናቷ ጋር አትኖርም ማለት ነው ብዬ ያዝኩት። ገንፎውን አልጨረስኩትም።

ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ። አባቴ አንድ፣ እናቴ አንድ መረጡ፤ መሀል ሆነው አያ ቢተው ተቀመጡ። አያ ቢተው የመንደራችን ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከተናገሩ የማይመለሱ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እሳቸው ሞኝም አልነበሩ፣ ወረቀትም አልነበሩ፣ ግን አይለቁም።

ከብቱና የቤቱ ዕቃ በአንድ ቀን ተከፈለ። ያስቸገረው የኔ ቀለብ ነው። እናቴ "በዓመት ሁለት ጫን ገብስ፣ ልብሷም ከአባቷ" አለች።

"ሁለት ጫን?" አለ አባቴ። "ልጅቷ ወፍ ናት። ግማሽ ጫን ይተርፋታል።"

"ወፍማ አታድግም። ልጄ ግን ታድጋለች።"

"እንግዲያው ዳንግላ ዳኛ ዘንድ እሄዳለሁ።"

"ሂድ" አሉት አያ ቢተው። "ዳኛው አውሎ አውሎህ ‘የቤተ ዘመድ ሽማግሌ ይየው’ ይልና መልሶ እኔ ደጅ ነው የሚልክህ። በከንቱ እግርህን አታድክም።"

ከዚያ የራሳቸውን መንገድ አመጡ። ሌላ አገር ይኑር አይኑር አላውቅም፤ እኛ መንደር ግን ከዚያ በፊትም እንዲህ አድርገው ፈርደዋል ይባል ነበር። ልጅቷ ከሁለቱም ተለይታ እሳቸው ቤት ትቀመጥ። አባቷ አንድ ትልቅ ስልቻ ገብስ ሞልቶ ያምጣ። የልጅቷ ቂጣም፣ ገንፎም፣ በሶም ከዚያ ስልቻ ብቻ ይውጣ። ከኅዳር ሚካኤል እስከ ጥር ጊዮርጊስ ይታይና ስልቻው በጎደለው ልክ የዓመት ቀለቧ ይቆረጥ።

"ወፍም ትሁን ጅብ፣ ያን ጊዜ እናያታለን" አሉ።

ሁለቱንም በጊዮርጊስ አስማሏቸው። ልጃቸውን መጥተው ማየት ይችላሉ፤ ስለ መብል ግን አንድ ቃል አይተነፍሱም። ብዪ ማለት የለም፣ ይብቃሽ ማለትም የለም። ቃል ያወጣ የሌላው ቃል ይጸናበታል። አባቴ ቢናገር የእናቴ ሁለት ጫን ይጸናል። እናቴ ብትናገር የአባቴ ግማሽ ጫን ይጸናል፣ በግማሽ ጫን ደግሞ አጎቴ ደጁን አይከፍትልኝም። እናቴ ስትምል የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ ከቀርቀሃው አጥር ሥር ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ግን ጆሮዬ የያዘው ወፍና ጅብ የሚለውን ነው። አጎቴ የሚፈልገው ወፍ ነው። ወፍ ከሆንኩ ወደ እናቴ እሄዳለሁ፣ ጅብ ከሆንኩ እቀራለሁ። እንግዲህ ወፍ መሆን ነዋ! ያን ቀን ቆረጥኩ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ፤ የኔ ቡኮ ግን ለብዙ ራት በቃ።

የአያ ቢተው ሚስት እትየ የሻረግ ይባላሉ። ሰፊ መዳፍ ያላቸው፣ እንግዳ ካላበሉ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሴት ናቸው። በደጃቸው ያለፈ ሰው ሁሉ በሞቴ ተብሎ፣ በልጆቼ ተብሎ፣ አፉ ውስጥ ጉርሻ ሳይገባ አይሄድም። አያ ቢተው በመጀመሪያው ቀን አስጠነቀቋቸው።

"በዚች ልጅ ላይ በሞቴ አይባልም። ያለችውን ስጫት፣ በቃኝ ካለች አንሺ። የእንግዳ መብል የሆድ ልክ አይደለም፤ ግማሹ ይሉኝታ ነው።"

"ሰው ቤት ገብታ በሞቴ ሳልላት? ምን አጠፋችና?"

"ብያለሁ፣ የሻረግ።"

እትየ የሻረግ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከራት ሰዓት ጋር ተጣሉ። ቂጣዬን ያቀርቡና አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ያዩኛል። እኔ አንድ ሁለቴ ቆርሼ "ጠገብኩ" እላለሁ። አንድ ማታ አላስችል ቢላቸው ወደ ድመታቸው ዞሩ፤ "አንቺ ድመት፣ በሞቴ ብዪ፣ አንጀትሽ እኮ ታጠፈ" አሉ፣ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነው።

"ድመቷንም አትለማመጫት" አሉ አያ ቢተው ከመደባቸው።

ክፉው ነገር ድንቹ ነበር። ድንቹም ከገብሱ ጋር ከአባቴ ማሳ ስለመጣ እንደ ስልቻው የሚቆጠር ነው። እትየ የሻረግ ጥርሷ ወልቆ ቂጣው አስቸግሯት ይሆናል ብለው ድንች ረመጥ ውስጥ ይቀብሩልኛል። ልጣጩ ማረር ሲጀምር ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። አውጥተው እፍ ብለው አመዱን ያራግፉና ለሁለት ከፍለው ያስቀምጡልኛል፤ እንፋሎቱ ፊቴን ይነካኛል። እኔ እጄን ጭኖቼ መሀል ደብቄ እቀመጣለሁ። ምራቄን ስውጥ እንዳይሰማ አስል ነበር።

ቀን ቀን ሥራዬ ገብሱ ክምር አጠገብ ተቀምጬ ዶሮና ወፍ ማባረር ነው። ወፍ ሆኜ ወፍ ሳባርር ዋልኩ። ረሀቡ ሲጠናብኝ ወደ ሐይቁ የሚወስደውን ዱካ ይዤ እወርድና እንጆሪና ቀጋ እለቅማለሁ። የጫካ ፍሬ ከስልቻው ስለማይወጣ አይቆጠርም ብዬ ፈርጄ ነበር። ቀጋ ደግሞ ሆድ ያስራል እንጂ አያጠግብም። ቤት ስገባ በቀጥታ ወደ ስልቻው እሄድና ሆዱን በመዳፌ እዳብሳለሁ። ሞልቷል። ሲሞላ ደስ ይለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ የረሀቡን ያህል ደስታውም ነበረ።

እናቴ በገበያ ቀን ከጥሊሊ በእግሯ መጣች። ደጃፉ ላይ አስቀመጠችኝና ፀጉሬን ልትሠራኝ ጀመረች። ጣቷ አንገቴ ሥር ሲደርስ ቆመ። አጥንቴን ዳሰሰች፣ ትከሻዬን፣ ከዚያ ክንዴን በጣቷ ቀለበት ለካችው። ፀጉሬን መሥራቷን ቀጠለች፣ ሹሩባው ግን ጠማማ ሆነ። ስትጨርስ ተነስታ አያ ቢተው ፊት ቆመች።

"አያ፣ ምያለሁና አልናገርም" አለቻቸው። "ዓይን ግን አለኝ።"

"ዓይንሽን አላስማልኩም" አሏት። "እዪ።"

ወደ ስልቻው ተመለከተች። ከዚያ ወደኔ። እኔ ስልቻው አለመጉደሉን እያሳየኋት ፈገግ አልኩላት፤ ጎበዝ ትለኛለች ብዬ ነበር። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና ወጣች። እስከ ቀርቀሃው ድረስ ተከተልኳት፤ ዞር ብላ አላየችኝም። በጣም ተቀየምኳት። ሳትስመኝ ሄደች ብዬ ያን ቀን ውኃም አልጠጣሁ።

አባቴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፈረሱን ደጃፍ ላይ አስሮ ገባና ስልቻውን በእግሩ ነካ አደረገው። ሳቀ።

"አያ ቢተው፣ ወፍ ናት አላልኳችሁም?"

"ጊዜው አላለቀም" አሉት።

ደስ ብሎት ነበር። እኔን ወደ ውጭ ወሰደኝና እንደ ድሮው ፈረሱ ላይ ሊያወጣኝ በብብቴ ሥር ይዞ አነሳኝ። ሁልጊዜ ሲያነሳኝ "ኧረ ከበድሽኝ" እያለ የሚያቃስትልኝ ጨዋታ ነበረን። ያን ቀን በኃይል ስላነሳኝ ከኮርቻው በላይ አልፌ ልወድቅ ነበር። ያዘኝ። አላቃሰተም። እንዲህ አየር ላይ ይዞኝ ቆመ፣ ፊቴን አየው፣ እግሮቼን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረኝና ፈረሱ ላይ ሳያወጣኝ ሄደ። ፈረሱን እንኳ በእጁ እየጎተተ ነው የሄደው።

በዚያ ምሽት እትየ የሻረግ ባላቸውን ያዟቸው።

"ልጅ ናት ወይስ ፈረስ፣ በሆዷ የምትለካት? እያለቀች ነው እኮ።"

"ቃል ገብቻለሁ። አሁን ብናቋርጠው አንዱ ተበደልኩ ይላል፤ ነገሩ በደም ያልቃል።"

"ብትሞትስ?"

ጠዋት አያ ቢተው ራሳቸው ስልቻውን አንስተው አመዛዘኑት፣ እኔን አዩኝ፣ መልሰው አስቀመጡት። ደረቅ ሰው ነበሩ አልኳችሁ። እኔስ? እኔ ደግሞ ከሳቸው የባስኩ ደረቅ ነበርኩ። ያን ቤት ሁለት ደረቆች ይዘነው ሌላው ሰው መሀል ላይ ተጨነቀ።

ጥር ጊዮርጊስ ደረሰ። ፈረሰኛው ሁሉ ተሸልሞ ወጣ፣ አባቴም ጋለበ አሉ፤ እኔ እግሬ ስለተብረከረከ አልሄድኩም። በማግስቱ ሽማግሎቹ አያ ቢተው ደጅ ተሰበሰቡ። ስልቻው ወጥቶ መሀላቸው ተቀመጠ። የእናቴ ወገን የሆኑት ሽማግሌ አፉን ፈትተው እጃቸውን ቢሰዱ ገና ክርናቸው ሳይገባ እህል ነኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቴ አጥሩ ሥር ቆማለች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

"የታየው ይኼ ነው" አሉ አያ ቢተው። ድምፃቸው ደስ አይልም ነበር። "እንግዲህ በታየው ልክ ግማሽ ጫን..."

አባቴ ተነሳ። ፍርዱን ሰምቶ ሊመርቅ የተነሳ መስሏቸው ዝም አሉ። እሱ ግን ወደ ቤት ገባና ከምድጃው ላይ ድንች ይዞ ወጣ፤ በባዶ እጁ ነው የያዘው፣ እያቃጠለው ከእጅ ወደ እጅ ያዘዋውረዋል። ፊቴ ተንበረከከ። አባቴ ከተወለድኩ ጀምሮ የሚያናግረኝ በአገውኛ ነው። ያን ቀን ግን የእናቴ ወገን ሽማግሌ አገውኛ አይሰሙምና ሁሉም እንዲሰማው በአማርኛ ነው የተናገረው።

"ትርንጎ፣ በሞቴ ብዪ" አለኝ። "እኔ ልሙትልሽ፣ ብዪ ልጄ።"

ፈረሱ ጋማውን ሲያራግፍ የአንገቱ ሻኩራ ጮኸ።

"ወርቁ" አሉ አያ ቢተው፣ "ፍርዱ ወዳንተ ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"መሐላ አፈረስህ። የእናቷ ቃል ይጸናብሃል። ሁለት ጫን ነው፣ በየዓመቱ።"

"ይጽና" አለ፣ ዓይኑን ከኔ ላይ ሳያነሳ። "የጊዮርጊስን ዕዳ እኔና ጊዮርጊስ እንነጋገርበታለን። እናንተ እህሉን ፍረዱ።"

ድንቹን አልተቀበልኩትም። እናቴን ፈልጌ አየኋትና የሚያፏጨውን አፌን ከፍቼ ጠየቅኋት፤ "ብበላ አጎቴ ያስገባኛል?"

ያን ጊዜ ነው የገባቸው። እትየ የሻረግ ከበሩ ላይ "ዋይ፣ አንጀቴን!" ብለው ተቀመጡ። የአያ ቢተው የዝንብ ጭራ ከእጃቸው ወደቀ፣ አላነሱትም። እናቴ መጥታ አባቴ ጎን ተንበረከከች። ከተፋቱ ወዲህ እንዲያ ተጠጋግተው አይቻቸው አላውቅም፣ ከዚያም በኋላ አላየኋቸውም። "ያስገባሻል" አለችኝ። "ብዪ።" በላሁ። ድንቹ ምላሴን አቃጠለኝ፣ ቢሆንም አልጠበቅኩም። አባቴ እስክጨርስ ድረስ ልጣጩን በእጁ እየተቀበለኝ ተቀመጠ።

ሽማግሎቹ ከዚያ እናቴን ተመለከቷት። የአገሩ ወግ ነው፤ የተረታው እንዲህ ሲያደርግ የረታው ደግሞ ጥቂት ይተዋል፣ "ለናንተ ስል ግማሹን ምሬዋለሁ" ይባላል፣ ሽማግሌም ይመርቃል። የአባቴ ወገን ሽማግሌ "እንግዲህ ባንቺ፣ አንቺም..." ብለው ጀመሩ።

"አንድ ቁና አልቀንስም" አለች እናቴ። እንባዋ ገና እየወረደ ነው፣ ድምፅዋ ግን ደረቅ ነው። "ላደረገው እግዜር ይስጠው። ልጄ ግን ታድጋለች።"

አባቴ "ትክክል ናት" አለ። በዚሁ አለቀ፤ መረቁና ተነሱ።

ወደ ጥሊሊ የሄድነው አባቴ የመጀመሪያውን ገብስ በአህያ ከጫነልን በኋላ ነው። አንድ ወንዝ ተሻግረን ለማረፍ ስንቀመጥ እናቴ እኔን ሳታይ፣ ወደ ውኃው እያየች ተናገረች።

"‘ብዪ’ ማለቱ እኔም አፌ ላይ ነበር። ያን ፀጉርሽን የሠራሁ ቀን፣ እስከ ጥሊሊ ድረስ እያልኩት ነው የሄድኩት። አንዴ ብናገረው ግን አላገኝሽም ነበር።"

"እሺ" አልኳት።

"አባትሽ ሲናገር ሰምተሻል። እኔ ዝም ስል አልሰማሽም።"

ከስንቋ ቆርሳ ሰጠችኝ፤ እኔም ከሱ ላይ ቆርሼ አጎረስኳት። እያለቀሰች አኘከች።

አጎቴ ደሳለኝ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ገብሱን በዓይኑ ሰፈረና ደስ አለው። ከዚያ እኔን ሲያይ ሳቁ መጣበት፤ "ለዚች ወፍ ነው ይህ ሁሉ እህል?" አለ።

ቤት ገባን። ራት ቀርቦ ነበር። ልጆቹ እስኪታዘዙ እጃቸውን ሰብስበው ይጠብቃሉ። እኔ አልጠበቅኩም። ማንም በሞቴ ሳይለኝ፣ ማንም ቦታ ሳያሳየኝ፣ ገበታው አጠገብ ተቀምጬ እጄን ሰደድኩ። አጎቴ ዓይኑን አፈጠጠ።

"የምበላው የአባቴን ገብስ ነው" አልኩት፣ አፌ ሞልቶ።

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ልጅ እንዲህ ታላቁን ሲናገር እናት ‘ዝም በዪ’ ትላለች። እናቴ አላለችኝም።